ከበላ ልበልሃ እስከ ይርጋ፦ ጠበቃ ጋ መሄድ ያለብን መቼ ነው?

ጓደኛችሁ አዲስ ሥራ አገኘ እንበል። ሥራው ገንዘብ ያዥነት ነው። በደስታ ደወለና «ዋስ አምጣ ተብያለሁ፤ ፊርማ ብቻ እኮ ነው» አላችሁ። አብሮ አደጋችሁ ነው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። በማግስቱ መታወቂያችሁንና የደመወዝ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ የተዘጋጀውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ከታች ትፈርማላችሁ። ከዚያ ማኪያቶ ይጋብዛችሁና በየፊናችሁ ትሄዳላችሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ማማከር ትዝ ይላችኋል? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ባቀረብኩ ቁጥር የሚመጣው መልስ ሳቅ ነው። «ማን ከሰሰን?» ይላሉ። ጠበቃ ማለት ክስ ሲመጣ የሚፈለግ፣ ችሎት ፊት ቆሞ የሚናገርልን ሰው ነው ብለን ስለምናስብ ነው። ይህ አስተሳሰብ ሞኝነት አይደለም። ረጅም ታሪክ አለው፤ በአንድ ወቅትም ትክክል ነበር። ችግሩ ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደን በምናገኘው ጊዜ ሲለወጥ እኛ የድሮውን ልማድ እንደያዝን መቅረታችን ነው።

ነገር በአፍ ሲረታ

እስኪ ወደ ቅድመ አያቶቻችን ችሎት ጎራ እንበል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው አደባባይ ላይ ይቆማሉ። ዳኛው አገረ ገዢው ሊሆን ይችላል፤ የመንደሩ ጭቃ ሹምም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ በመንገድ ሲያልፍ «በሕግ አምላክ፣ ፍረደን» ተብሎ የተያዘ መንገደኛ ነው። አዎ፣ ማንም ጨዋ ሰው መንገድ ላይ ዳኛ ሊሆን ይችል ነበር።

ክርክሩ «በላ ልበልሃ» ይባላል፤ «በል እንግዲህ፣ እኔም ልበልህ» እንደማለት ነው። «ተጠየቅ» ሲባል «ልጠየቅ» የሚባልበትም መልክ አለው። ተሟጋቹ ነገሩን በምሳሌ፣ በሰምና ወርቅ፣ በእጁና በዱላው እንቅስቃሴ እያጀበ ያቀርባል፤ ባላጋራው ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ይመልሳል። ቃሉ እውነት ስለመሆኑ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳል፤ የተረታ ይከፍላል። ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ ያዳምጣል፣ ይፈርዳል፣ ያደንቃል። ልጆችም ሙግት የሚማሩት እዚያው ቆመው በማየት ነበር።

ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ግን «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋስ ማለት ባለጉዳዩ ቢጠፋ ሊያቀርበው፣ ቢረታና መክፈል ቢያቅተው ሊከፍልለት በሰው ፊት ቃል የሚገባ ሰው ነው። ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር ቁራኛ ይሆናል። የውጭ አገር ተጓዦችን በጣም ካስገረሟቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፦ ሁለት ተካሳሾች የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ጠባቂ ሳይኖራቸው፣ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ሲጓዙ ማየት። ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ተቆራኝተው የተነሷቸው የጥንት ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዋናው መሣሪያ ምላስ እንደነበር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ከንጉሡ በታች ያለው ትልቁ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የያዙት አፈ ንጉሡ ነበሩ። «አቤቱታ» የሚለው ቃል ውስጥ «አቤት!» የሚል ጩኸት አለ። ዛሬ የመሥሪያ ቤት የሕግ ሠራተኛ የምንለው ሰው የቀድሞ ስሙ «ነገረ ፈጅ» ነው፤ ነገርን የሚፈጅ፣ የሚጨርስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እስከ ዛሬ «ጠበቃ አቆመ» እንላለን። ጠበቃ ይቆማል። የት ነው የሚቆመው? ችሎት ፊት ነዋ። የቃሉ ሥር «ጠበቀ» ሆኖ ሳለ ከመጠበቁ ይልቅ መቆሙ አእምሯችን ውስጥ ቀረ።

ታዲያ በዚያ ዘመን ጠበቃ የሚያስፈልገው መቼ ነበር? ነገሩ ችሎት ሲደርስና አንደበት ሲያጥር። ንግግር የማይሆንለት ሰው ነገር አዋቂ ዘመድ ወይም ተከራካሪ ያቆም ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ግን ራሱ ይሟገታል። ከዚያ በፊት የሚማከር ነገር ብዙም አልነበረም። ውሉ የተዋዋሉት ሰዎች ቃልና የምስክሮች ትውስታ ነው፤ ወጉንና ልማዱን ሁሉም ያውቀዋል። ፍትሐ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ነበር፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረውና በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ነገር ግን በሊቃውንትና በከፍተኛው ችሎት ዘንድ የሚገለጥ እንጂ ገበሬው ቤት የሚገኝ አልነበረም።

(በነገራችን ላይ፣ ይህን ሁሉ ስል የድሮው ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። በላ ልበልሃ በትምህርት ቤት መድረክ ሲቀርብ ይጥማል። አንደበቱ ለተያዘበት፣ ለድሀው፣ ዳኛው የባላጋራው ወዳጅ ለሆነበት ሰው ግን የሚጥም አልነበረም።)

አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዓለም ነገር አያረጅም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባል ነበር። የርስት ተካፋይ ነኝ የሚል ሰው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ እስከ ሩቅ ቅድመ አያት ድረስ ወጥቶ ይሟገታል። አያቱ ዝም ብለው ኖረው ቢሞቱ፣ አባቱም ዝም ቢል፣ የልጁ መብት አልሞተም። ዝምታ ትዕግሥት ነው፤ ጨዋነትም ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ነጋሪቱ ወረቀት ሲሆን

አዋጅ ድሮ የሚሰማው በነጋሪት ነበር። ከበሮው ይጎሰማል፣ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ይጮኻል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. መንግሥት የሕግ ጋዜጣ ማተም ሲጀምር ስሙን ከዚያው ከከበሮው ወሰደና «ነጋሪት ጋዜጣ» አለው። ሆኖም ከበሮውን መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ጋዜጣውን ግን የሚያነበው ማን ነው? በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በደረጃ ተዋቀሩ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በፍርድ ቤት የሚከራከሩ ጠበቆች የሚመዘገቡበት ደንብ ወጣ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የአንድ አገር ሕግ በሙሉ ማለት ይቻላል እንደ አዲስ ተጻፈ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 አንቀጾች አሉት። ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ሲሆኑ የጻፉትም በፈረንሳይኛ ነበር። ኢትዮጵያ ሕጓ በልማድ ቀስ እያለ እስኪዳብር መቶ ዓመታት ልትጠብቅ አትችልም የሚል እምነት ነበራቸው። ወደ መጨረሻው ገደማ ያለው አንቀጽ 3347 ደግሞ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሁሉ ሻረ።

አንድ አንቀጽ ነው እንግዲህ። ሁሉም ያውቀው የነበረው ወግ በዚያ አንቀጽ ቀረ፤ በምትኩ የመጣውን ደግሞ አብዛኛው ሰው አላነበበውም። ገጠር ውስጥ ሽምግልናውም ልማዱም ቀጠለ፤ ዛሬም አለ። ነገር ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት የገባ ዕለት መለኪያው ወረቀቱ ሆነ።

ወረቀቱ ምን ይላል? ቤት ብትሸጡ ወይም ብትገዙ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል የተዋዋዮቹ ፊርማ ብቻ ሳይሆን የሁለት ምስክሮች ፊርማም ያስፈልገዋል ይላል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት ይላል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። አያታችሁ ሦስት ጎረቤት ጠርተው «ቤቴ ለዚህች ልጅ» ብለው ቢያስጽፉና ቢሞቱ፣ ሦስቱም ጎረቤቶች በሕይወት ኖረው እውነቱን ቢመሰክሩ፣ ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል። በላ ልበልሃ ዘመን እነዚያ ሦስት ታማኝ ሰዎች ያሸንፉ ነበር። አሁን የጎደለው እውነት አይደለም፣ አንድ ሰው ነው። ከቀብር በኋላ የሚመጣ ጠበቃ፣ የፈለገውን ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ አራተኛውን ምስክር ከየትም አያመጣም። ከኑዛዜው በፊት የተጠየቀ ጠበቃ ግን «አንድ ሰው ጨምሩ» ይላል። በቃ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«የመንደር ውል» የምንለውም እንዲሁ ነው። ገዥና ሻጭ ተማምነው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ውልና ማስረጃ ሳይሄዱ ቤት ይሸጣሉ። እንዲህ ያለ ውል ምን ያህል ይጸናል የሚለውን የሰበር ችሎት በተለያየ ጊዜ ሲተረጉም ቆይቷል፤ ትርጉሞቹም የሕግ ምሁራንን ሲያከራክሩ ኖረዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ የሕግ መጽሐፉን ገዝታችሁ አንቀጹን ብታነቡ እንኳን ግማሹን ነው ያነበባችሁት።

ረግቶ የቀረ ነገር

አሁን ወደ ዝምታ እንመለስ። አዲሱ ሕግ ካመጣቸው ቃላት ሁሉ እንደ «ይርጋ» ብዙ ሰው የጎዳ ያለ አይመስለኝም። ቃሉ ያምራል፤ «ረጋ» ከሚለው የመጣ ነው። ነገሩ ይርጋ፣ አይነካካ እንደማለት። መብት ያለው ሰው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልጠየቀ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ምስክር ይሞታል፣ ወረቀት ይጠፋል፤ ሰው ዕድሜ ልኩን በክስ ስጋት መኖር የለበትም። ነገር ግን «በሺህ ዓመቱ» ለሚል ሕዝብ የመጣ ሕግ መሆኑን አስቡት።

ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ከውል የመነጨ ክስ፣ ሌላ ልዩ ጊዜ ካልተቀመጠለት፣ 10 ዓመት አለው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ መኪና ገጭቷችሁ ካሣ ብትጠይቁ፣ መነሻው 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ግን ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ሌላ ሰው ያለ መብቱ ውርሳችሁን እንደያዘ ካወቃችሁ 3 ዓመት፤ ብታውቁም ባታውቁም በመሠረቱ ከሟቹ ሞት ጀምሮ 15 ዓመት ጣሪያ አለ። በወራሾች በራሳቸው መካከል ሲሆን የትኛው ይርጋ ይሠራል የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ይግባኝ ለማለት ከፍርዱ በኋላ 60 ቀን። ከሥራ ያለ አግባብ ተሰናብታችሁ ወደ ሥራዬ ልመለስ ካላችሁ ደግሞ 3 ወር ብቻ።

ይህ የመጨረሻው ለእናንተ ዕድሜ ቅርብ ስለሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የማውቀው አንድ ልጅ በታኅሣሥ አጋማሽ ከሥራው ተሰናበተ። ምክንያቱ አጠያያቂ ነበር። አለቃው «ትንሽ ታገስ፣ እናይልሃለን» አለው። ልጁ ጨዋ ነው፤ አለቃውን በክስ ማስቀየም አልፈለገም። ታገሰ። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት አለፈ። ሽማግሌ ተላከ፤ «እናያለን» ተባለ። በግንቦት መጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ጠበቃ ጋ ሄደ። ጠበቃዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ በደሉ አልነበረም፤ «ደብዳቤው የደረሰህ መቼ ነው?» አለችው። ቆጠረች። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው ከሁለት ወር በፊት ረግቷል። ከስንብቱ ጋር የተያያዘው የክፍያ ጥያቄ ግን የ6 ወር ጊዜ አለው፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ገንዘቡን ለመጠየቅ ደረሰ። ሥራውን ግን አጣ። ከአያቶቹ የወረሰው ትዕግሥት ነው ያሳጣው።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ዳኛው ይርጋን በራሱ አነሣሥቶ አይናገርም። ማንሣት ያለበት ተከራካሪው ነው፤ ያውም በመጀመሪያው መልሱ ላይ። አስቡት እስኪ፦ የዛሬ 12 ዓመት ተበደራችሁ የተባለ ገንዘብ ተጠየቃችሁ፤ ዕዳው በይርጋ ሊታገድ ይችላል፤ እናንተ ግን ቃሉን ስለማታውቁት «ከፍያለሁ፣ ምስክር አለኝ» እያላችሁ ሙሉ ቀን ተከራከራችሁ። ዳኛው ያውቃል። ሆኖም ለእናንተ ብሎ አይናገረውም። እሱ ዳኛ እንጂ የእናንተ ጠበቃ አይደለም። ሕጉ ለዝምድናና ለመከባበር ትንሽ በር ትቷል፤ ባለመብቱ የዘገየው በቤተሰብ ግንኙነት የተነሣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ የይርጋውን መቃወሚያ ላይቀበለው ይችላል። ይህም ቢሆን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጠቀምበት።

መጥሪያ ሲመጣም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። የድሮ ሰው ለችሎት ቀን ይዘጋጃል፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ነገር የሚወሰነው በጽሑፍ በምትሰጡት መልስና አብራችሁ በምታያይዙት ማስረጃ ነው። «ቀኑ ሲደርስ ሄጄ አስረዳለሁ» ያለ ሰው መልሱን ሳያስገባ፣ ሰነዱን ሳያቀርብ ይገኛል። ጭራሽ የቀረ ደግሞ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል፤ ያንን ለማስነሣት ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ አንድ ወር ነው፤ ያልቀረበበት በቂ ምክንያትም ማሳየት አለበት።

አንድ ሰው፣ ሁለት ችሎት

«እሺ፣ ክርክሩ ከተጀመረ በኋላስ ጠበቃ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?» ብትሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። እንዲህ ያለውን ለመፈተሽ አንድን ሰው በአንድ ክስ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ያለ ጠበቃ፣ አንዴ ከጠበቃ ጋር ማስቀረብ ያስፈልጋል። ማንም እንዲህ ያለ ሙከራ አያደርግም። ታሪክ ግን አንድ ጊዜ አድርጎታል።

ቦታው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን የተባለ ድሀ ሰው የፑል ቤት ሰብሮ ሳንቲምና መጠጥ ሰርቋል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ ይቁምልኝ ብሎ ጠየቀ፤ የዚያ ግዛት ሕግ ለእንዲህ ያለ ክስ አይፈቅድም ተባለ። ራሱ ተከራከረና አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍርድ ቤቱ አቅም የሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል ብሎ ወሰነ፤ ጉዳዩም እንደገና ታየ። ክሱ ያው ነው፣ ዳኛውም ያው። አሁን ግን ጠበቃ አለ።

ልዩነቱ ያለው ትንሽ ነገር ላይ ነው። በመጀመሪያው ችሎት አንድ የታክሲ ሾፌር «ጊዲዮን፣ እንዳመጣኸኝ ለማንም አትናገር ብሎኛል» ብሎ ነበር። ሌባ ያስመስላል፣ አይደል? ጠበቃው ያንኑ ሾፌር ጠየቀው፦ ከዚህ በፊትስ እንዲህ ብሎህ ያውቃል? አዎ፤ ከሚስቱ ጋር ስለማይስማማ እንዲህ ይል ነበር። በእጁ የያዘው መጠጥ ነበር? አልነበረም። የፍርድ ሸንጎው ከአንድ ሰዓት ያህል ምክክር በኋላ ነጻ አለው። እርግጥ ነው፣ አንድ ጉዳይ ብቻውን ሳይንሳዊ ማረጋገጫ አይሆንም። ቢሆንም ምስክሩ ያው እንደነበረ ልብ በሉ፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

በእኛ አገር ይህ መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተጽፏል። የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት አለው፤ አቅም ከሌለውና ያለ ጠበቃ ቢቀር ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። ለዚህም «ተከላካይ ጠበቃ» የሚባሉት አሉ። የተያዘ ሰው ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የጉዞው ጊዜ አይቆጠርም። ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። እዚህ ላይ የበላ ልበልሃ ልማዳችን ይፈታተነናል፦ ንጹሕ ሰው ዝም አይልም ብለን እናምናለን። ስለዚህ እናስረዳለን፣ እንምላለን፣ ሳንጠየቅ እንጨምራለን። የወንጀል ጉዳይ ከሆነ ጠበቃ የሚያስፈልገው ቃል ከመስጠት በፊት ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለችውና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በጊዜው በነበረው የ1949ኙ ሕግ የተጠለፈችው ወድዳ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ የሚቀርበት ድንጋጌ ነበር፤ ልማዱም ለጠላፊው ያደላ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ። ጠበቆቿ ራሷን ተከላክላ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ነጻ ወጣች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻው ይህ ጉዳይ ነው። ያ ድንጋጌም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ውስጥ የለም።

ሁልጊዜ ግን አይደለም

ለሁሉም ነገር ጠበቃ ይሂድ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ከጎረቤት ጋር በአጥር ብትጋጩ፣ ትንሽ ገንዘብ አበድራችሁ ብትከለከሉ፣ ሽማግሌ ይሻላል፤ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ጉርብትናንም ያተርፋል። ብቻ ሽምግልናው ሲጓተት የሕጉ ሰዓት አብሮ እንደማይቆም አትርሱ። ሽማግሌ ላኩ፤ ቀኑንም ቁጠሩ። ባለዕዳው ዕዳውን አምኖ በጽሑፍ ቢሰጣችሁ ደግሞ ይርጋው እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል፤ ሽማግሌዎች ይህን አንድ ወረቀት ቢያስጽፉ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ውልና ማስረጃ ሄዶ መፈረምም ጠበቃን አይተካም። እዚያ ያለው ባለሙያ ማንነታችሁን፣ ፊርማችሁን፣ ውሉ ሕግን አለመጻረሩን ያያል። ውሉ ለእናንተ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው የእሱ ሥራ አይደለም፤ የማንም ወገን አይደለምና።

ገንዘቡስ? ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ሙሉ ክርክር ማስያዝና ለአንድ ሰዓት ማማከር በዋጋ የተለያዩ ናቸው፤ ስትደውሉ የምክር ብቻ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ነገሩ ከሰፋ ደግሞ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ ያግዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ስትሄዱ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን ያዙ፦ ውሉን፣ ደብዳቤውን፣ መጥሪያውን፣ የደረሳችሁበትን ቀን።

እንግዲህ ወደዚያ ዋስትና እንመለስ። ሕጉ ዋስ ከፍ ቢል ስንት ድረስ እንደሚጠየቅ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ዋስትናውም ሁለት ዓይነት ነው። ተራ ዋስ ከሆናችሁ ባለገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ጓደኛችሁ እንዲሄድ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ከባለዕዳው ጋር በአንድነት» የሚል ሐረግ ካለ ግን ጓደኛችሁን ዘሎ በቀጥታ እናንተን ሊከስ ይችላል። የድሮው ዋስ ለማንና ለምን ቃል እንደገባ አደባባይ ላይ የቆመው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ የአሁኑን የሚናገረው ያቺ አንድ ሐረግ ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ የምትገኘው ማንም በማያነበው መስመር ላይ ነው።

ስለዚህ ነገ ቢደውልላችሁ እምቢ አትበሉት። «የዋስትናውን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ለአንድ ሰው አሳይቼ እፈርማለሁ» በሉት። የገንዘቡ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ክፍት ከሆነ ደግሞ ፊታችሁ እስኪሞላ ድረስ እስክሪብቶውን አታንሡ።